አራት ፊደልና አንድ ቀዳዳ

ለእኛ ሰው ገንዘብ ማለት ፊት ያለው ነገር ነው። ጠገራው ላይ ማርያ ትሬዛ ደረቷን ነፍታ አለች፤ የምኒልክ ብር ላይ ንጉሠ ነገሥቱ ዘውዳቸውን ደፍተዋል፤ ወደ አክሱም ብንወርድ ደግሞ ነገሥታቱ ግራና ቀኝ በእህል ዛላ ታጅበው እናገኛቸዋለን። ስለዚህ የቻይናን የድሮ ሳንቲም ለመጀመሪያ ጊዜ መዳፌ ላይ ያኖሩልኝ ዕለት ገለባብጬ የፈለግኩት ንጉሡን ነበር። ንጉሥ የለም። በፊቷ አራት ፊደል፣ በጀርባዋ ሁለት ቃል፣ መሐሏ ላይ አራት ማዕዘን ቀዳዳ፤ አለቀ።

«ስንት ነው?» አልኩ። ያኔ ከማውቃት ጥቂት ቻይንኛ ሳልደናቀፍ የምትወጣልኝ እሷ ነበረች።

«አንድ ዩዋን» አሉ ሽማግሌው። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝና፣ «የማን እንደሆነች ካነበብክልኝ ግን በነፃ ውሰዳት» አሉኝ።

ላነብ አልቻልኩም፤ ዩዋኔን ከፈልኩ።

ጊዜው ቤይጂንግ የ2008ቱን ኦሎምፒክ ከማስተናገዷ ጥቂት ዓመታት በፊት ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ በቻይና ነገሥታት ላይ የእኛን አቆጣጠር ልጨምርበት ብል እኔም አንባቢዬም እንጠፋለን።) እንደ ብዙ ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች የነፃ ትምህርት ዕድል አግኝቼ ሄጄ፣ ወደ ዋናው ትምህርት ከመግባቴ በፊት ቋንቋ የምማርበት ዓመት ላይ ነበርኩ። ሽማግሌውን ያገኘኋቸው በከተማዋ ደቡብ ምሥራቅ፣ ፓንጂያዩዋን በሚባለው የአሮጌ ዕቃ ገበያ ነው። ያኔ ቅዳሜና እሁድ ጎህ ሳይቀድ ይጀምር ነበር። ሻጩ መሬት ላይ ሸራውን ይዘረጋል፣ ገዢው የእጅ ባትሪውን እያበራ በመሐል ይሽሎከሎካል፤ የሰው ፊት አይታይም፣ የሚታየው ዕቃና እጅ ብቻ ነው። ሰዎቹ የመናፍስት ገበያ ይሉታል። የማኦ አርማ፣ የተሰነጠቀ ሸክላ፣ የቆመ የኪስ ሰዓት፣ የማን እንደሆነ የማይታወቅ የቤተሰብ ፎቶ፣ በመሐሉም በፕላስቲክ ሳፋ የተሞላ ሳንቲም። ሳንቲሙ በእፍኝ ይሸጣል። አንዳንዱ ነጋዴ እርጥብ ጭቃ እንደያዘ ያመጣውና «ትናንት ማታ ገበሬ ቆፍሮ ያወጣው ነው» ይላል፤ ጭቃው ግን ከሳምንት ሳምንት ያው አንድ ዓይነት ጭቃ ነው።

ሽማግሌውን ዳዬ እያልኩ መጥራት ጀመርኩ፤ በቤይጂንግ አፍ በዕድሜ የገፋ ሰው እንደዚያ ነው የሚጠራው። ጡረታ የወጡ የፋብሪካ ሠራተኛ ነበሩ። እጃቸው ትልቅ፣ ጣታቸው ሸካራ፣ ሳንቲም ሲይዙ ግን እንደ ወፍ እንቁላል ነበር የሚይዙት። እሳቸው እኔን በስም ጠርተውኝ አያውቁም፤ «አንተ ጎረምሳ» ነበርኩ፣ እስከ መጨረሻው።

ማንበቡን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ በእውነቱ ከክፍል አስተማሪዎቼ ይልቅ ለቻይንኛ ፊደል ዓይኔን የከፈቱልኝም እነዚያ ሳንቲሞች ናቸው። ቅደም ተከተሉ ላይ፣ ታች፣ ቀኝ፣ ግራ ነው። ላይና ታች ያለው የንጉሠ ነገሥቱ የዘመን ስም ነው፤ በቀኝና በግራ ያለው ቶንግባኦ፣ ማለትም በአገር የሚዘዋወር ሀብት። የቺንግ ሥርወ መንግሥት ገዢዎች በ1644 ቤይጂንግን የያዙ ማንቹዎች ስለነበሩ በጀርባው በኩል የራሳቸውን ፊደል አስገቡበት፤ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ፣ እንደ ሐረግ የተጠማዘዘ ጽሕፈት። በግራ በኩል ያለችው ቃል ብዙ ጊዜ አትለወጥም። በቀኝ ያለችው ሳንቲሙ የት ማቅለጫ ቤት እንደ ፈሰሰ ትናገራለች። ቤይጂንግ ሁለት ማቅለጫ ነበራት፤ አንዱ የገንዘብ ሚኒስቴሩ፣ ሌላው የሥራ ሚኒስቴሩ። የኔዋ የአንድ ዩዋን ሳንቲም የችየንሎንግ ዘመን ነበረች፣ ከገንዘብ ሚኒስቴሩ ማቅለጫ። ችየንሎንግ ከ1735 እስከ 1796 የነገሠ ሰው ነው። ከስድሳ ዓመት በላይ የፈሰሰ ሳንቲም ቢሰበሰብ ተራራ ይሆናል፤ ለዚህም ነው በእፍኝ የሚሸጠው።

ያችን ሳንቲም መኝታ ቤቴ ወስጄ መብራት ሥር በማጉያ መነጽር ያየኋት ቀን ነገሩ ያዘኝ። ቀለሟ የደከመ ቢጫ ነው፤ ከፊደሎቹ ጎን ያሉት ጎድጓዶች ውስጥ ጥቁር እድፍ ተኝቷል፤ የሰው ጣት የነካካው የፊደሉ ጫፍ ግን ያበራል። ጠርዟን ሳዘነብላት ደግሞ ጥቃቅን ጭረቶች አየሁ፣ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ የሄዱ። የሞረድ ጭረት ነው። አንድ ሠራተኛ ከሁለት መቶ ምናምን ዓመት በፊት የገፋው ሞረድ፣ ገና ትናንት የወረደ ይመስል ቁጭ ብሏል። በሚቀጥለው ቅዳሜ ለዳዬ ነገርኳቸው። «ቀዳዳው ለምን አራት ማዕዘን ይመስልሃል?» አሉኝ። ክር ለማስገባት አልኩ። ሳቁ። «ክሩ በክብም ይገባል!»

ነገሩ እንዲህ ነው። ሳንቲሙ እንደ እኛ ጠገራ በማተሚያ አልተመታም፤ ቀልጦ ነው የፈሰሰው። ሶንግ ዪንግሺንግ የሚባል ሊቅ በ1637 ባሳተመው የእደ ጥበብ መጽሐፍ ውስጥ ሥራውን ከነሥዕሉ አስቀምጦታል። በእንጨት ክፈፍ ውስጥ ደቃቅ አፈርና የከሰል ዱቄት ይጠቀጠቃል፤ በላዩ የእናት ሳንቲሞች ይደረደራሉ፤ ሌላ ክፈፍ ይገጠምበትና ይጫናል፤ ሲከፈት እናቶቹ ይለቀማሉ፣ ቅርጻቸው አፈሩ ላይ ይቀራል፤ በመሐል ቦይ ይቀደድና የቀለጠው ብረት ይፈስበታል። ሲቀዘቅዝ የሚወጣው ግንድና ቅርንጫፍ ያለው፣ በየጫፉ ሳንቲም ያፈራ ዛፍ ነው። ሳንቲሞቹ ከዛፉ ይሰበራሉ፤ ጠርዛቸው ሻካራ ስለሆነ በአራት ማዕዘን ዘንግ ላይ ተሰክተው አንድ ላይ ይሞረዳሉ። ቀዳዳው ክብ ቢሆን ኖሮ ሞረዱ ሲነካቸው ይሽከረከሩ ነበር፤ በአራት ማዕዘን ዘንግ ላይ ግን ንቅንቅ አይሉም። አራት ማዕዘኑ ሰማይ ክብ ነው ምድር አራት ማዕዘን ነች ከሚለው የጥንት እምነታቸው ጋር ይያያዛል የሚሉም አሉ፤ ዳዬ ይህን ሲሰሙ፣ «ሰማይና ምድርን ያመጡት የተማሩት ናቸው፤ ሞረዱን የያዘው ግን ዘንግ ነው የፈለገው» ይሉ ነበር። እኔም ከሳቸው ወገን ነኝ።

እናት ሳንቲም የምትባለዋን አንድ ቀን አስያዙኝ። የሚሸጧት አልነበረችም፤ ከኪሳቸው፣ ከመሐረብ ውስጥ ነው ያወጧት። ከልጆቿ ትንሽ ሰፋ ትላለች፤ ፊደሎቿ በቢላ የተቆረጡ ያህል ጥርት ያሉ ናቸው። ብረት ሲቀዘቅዝ ስለሚኮማተር ከእናት የሚወጣ ልጅ ሁሌም ከእናቱ ያንሳል። ሐሰተኛ ሳንቲም የሚሠሩትንም ብዙ ጊዜ የሚያጋልጣቸው ይኸው ነው። እውነተኛ ሳንቲም አፈር ላይ ተጭነው የሚያፈሱት ቅጂ ከእውነተኛው ያነሰ፣ ፊደሉም የተድበሰበሰ ይሆናል። «ልጅ እናቱን አያክልም» እያሉ ሁለቱን ጎን ለጎን መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ። ዓይኔን ጨፍኜ በጣቴ ለመለየት ሞከርኩ፤ ይለያል።

በድሮ ዘመን እኛም ጋ ነጋዴ ጠገራ ሲቀበል የማርያ ትሬዛን የትከሻ ጌጥ ነጥቦች ይቆጥር እንደነበር አባቴ ያጫውተኝ ነበር፤ ዘጠኝ ካልሞላ አይቀበልም። ይህን ለዳዬ ብነግራቸው እጃቸውን አጨበጨቡ። ከዚያ ቀን ወዲህ ያለው አያያዛቸው ተለወጠ፤ ከገዢነት ወደ ዘመድነት የተሻገርኩ መሰለኝ። ትልቋን የብር ሴትዮ አንድ ቀን እንዳሳያቸው ቃል አስገቡኝ፤ ለእረፍት አገሬ ገብቼ ስመለስ ከመርካቶ አንድ ጠገራ ገዝቼ ወሰድኩላቸው፣ ነጥቦቹንም ራሳቸው ቆጠሩ።

አንድ ነገር ላንሳ፤ ሰው ብዙ ጊዜ ይሳሳትበታል። የቻይና ሳንቲም ሁሉ ናስ አይደለም። የታንግ ሥርወ መንግሥት በ621 ያወጣው ካይዩዋን ቶንግባኦ፣ ከሱም በኋላ ለብዙ መቶ ዓመታት የፈሰሱት፣ ነሐስ ናቸው፤ መዳብ፣ እርሳስና ቲን። ዚንክ የገባበት ናስ የመጣው በሚንግ ዘመን፣ በ16ኛው መቶ ዓመት ነው። በችየንሎንግ ዘመን፣ በ1740፣ ደግሞ ሕዝቡ ሳንቲሙን እያቀለጠ ዕቃ ሠራበት ስለተባለ ሁለት በመቶ ቲን እንዲጨመርበት ተደረገ። አሳቡ፣ ብረቱ ተሰባሪ ስለሚሆን ለዕቃ አያመችም የሚል ነው። ግማሹ መዳብ፣ አርባ አንድ ተኩል በመቶ ዚንክ፣ ስድስት ተኩል እርሳስ፣ ሁለት ቲን። እንዲህ ያለውን ቁጥር የሚወድ ሰው ካለ እኔ ነኝ፤ የመኝታ ቤት ጓደኞቼ ግን አይወዱም ነበር።

ጓደኞቼን ካነሳሁ አይቀር፣ የሐበሻ ተማሪ መሳለቂያ ነበርኩ። እሁድ እሁድ አንዱ ክፍል ተሰብስበን፣ ከአገር በመጣ በርበሬ ሽሮ ነገር ሠርተን ስንበላ ወሬው ወደኔ ይዞራል። «ሰው ቻይና መጥቶ ላፕቶፕ ይገዛል፤ አንተ ቀዳዳ ትገዛለህ?» ይለኛል አንዱ። ሌላው ይቀበላል፤ «ቀዳዳ ቢሆንስ ምናለ፣ ያረጀ ቀዳዳ!» ከሁሉ የተረዱኝ የመኝታ ቤቱ ሕንፃ ጠባቂ ሴትዮ፣ አዪ ናቸው። ከጠረጴዛቸው በላይ በቀይ ክር የታሰሩ አምስት ሳንቲሞች ሰቅለው ነበር። የሹንጂ፣ የካንግሺ፣ የዮንግጄንግ፣ የችየንሎንግና የጂያቺንግ፤ የአምስቱ ነገሥታት ሳንቲም ይሏቸዋል፤ ክፉ ነገር ያባርራል፣ ሲሳይ ይጠራል ይባላል። አንድ ማታ ዘግይቼ ስገባ የካንግሺዋ ቀለም ከአራቱ የተለየ መሆኑን ነገርኳቸው፤ እንደኔ ከሆነ አዲስ ነች። አዪ ሽቅብ አዩዋት፤ «ክፉ መንፈስ አንተን ያህል አይመረምርም» አሉኝ።

ካንግሺ! መሰብሰብን ያስጀመረኝ እሱ ነው። በሱ ዘመን፣ ከ1661 እስከ 1722፣ በየክፍለ ሀገሩ ማቅለጫ ተከፈተና ሳንቲሞቹ ጀርባ ላይ በአንድ ወገን የማንቹ፣ በሌላው የቻይንኛ ፊደል የቦታው ምልክት ወጣ። ሃያ የሚሆኑትን የቦታ ምልክቶች ሰዎች ቤት እንዲመታ አድርገው በግጥም መልክ አሰካክተዋቸዋል፤ ልጅ እንኳ በቃሉ ይወጣዋል። ሙሉውን ሃያ በክር ሰክቶ የያዘ ሰው ዕድለኛ ነው ይባል ነበር። አስቡት እንግዲህ፣ ገና ፊደል የሚቆጥር የውጭ ተማሪ ሃያ ፊደል የያዘ የቤት ሥራ በናስ ሲሰጠው! የሱጆው፣ የጂያንግሺ፣ የሄናን፣ የዩናን እያልኩ ለቀምኩ። ከሳፋ ውስጥ ሳንቲም እያገላበጡ ጀርባ ጀርባውን ማየት ከሱስ የሚቆጠር ነው፤ ጣቴ እስኪጠቁር ድረስ ቁጢጥ ብዬ እውል ነበር። የብረቱ ሽታ እጅ ላይ ይቀራል፤ በሳሙናም ቶሎ አይለቅም።

ሃያው ግን አይሞላም፤ የታይዋኗ የለችማ። ቺንጎች ደሴቲቱን በ1683 ያዙ፤ እዚያ የተከፈተው ማቅለጫ የቆየው ጥቂት ዓመት ብቻ ነው፤ ሳንቲሙም ቀላልና ትንሽ ስለነበር ነጋዴ አልወደደውም። የጠላት ነገር አይበዛም፣ ያልበዛ ነገር አይተርፍም። «ታይ» የምትል ፊደል ያለባትን ሳንቲም ያገኘሁ የመሰለኝ ጊዜ ሁሉ ዳዬ ከሩቅ አይተው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ከሌላ ማቅለጫ ሳንቲም ላይ ፊደሉን ፍቀው «ታይ» የሚቀርጹ ባለ እጆች ነበሩ። እንደነዚህ ያሉትን ማየት ስለምወድ ለማድነቅ ብዬ እገዛቸው ነበር፤ ሁለት ሦስቱ አሁንም አሉኝ፣ «የታይዋን ሐሰተኞች» የሚል ፖስታ ውስጥ።

ከዚያው ከካንግሺ ዘመን የምትወጣ አንዲት ሌላ ሳንቲም አለች፤ ሰዎቹ የሎሃን ሳንቲም ይሏታል። ሎሃን ማለት የቡድሃ ቅዱሳን ደቀ መዛሙርት ናቸው። በንጉሡ የስም ፊደል ላይ አንዲት ቁልቁል የምትወርድ ሰረዝ ትጎድላለች፤ ዋናው ልዩነቷ ይኸው ነው። ተረቱ ግን ሰፊ ነው። ለጦር ሠራዊት ደመወዝ ሲጠፋ የቤተ መቅደስ የወርቅ ምስሎች ቀልጠው ከናሱ ጋር ተቀላቀሉ፣ ስለዚህ ወርቅ አለባት ይላል። ለንጉሡ ስድሳኛ ዓመት ልደት የወጣች ነች የሚሉም አሉ። ሰዎች ለሙሽራ ሰጥተዋታል፣ በልጅ አንገት አንጠልጥለዋታል። ተመርምራ የተገኘው ናስ ነው፤ ጥሩ ናስ፣ ያማረ ቢጫ፣ ግን ናስ። ዳዬ ስለ ወርቁ ሲጠየቁ አዎም አይደለምም አይሉም ነበር፤ ሻጭ ናቸዋ።

ቋንቋዬ ሲሻሻል ዳዬ ወደ ትልቁ ሰፈራቸው ወሰዱኝ። በከተማዋ ደቡብ ምዕራብ፣ ጓንግአንመን መንገድ አጠገብ፣ ባኦጉዎ ሲ የሚባል የቆየ ቤተ መቅደስ አለ። ያኔ ግቢው የሳንቲምና የቴምብር ነጋዴ መናኸሪያ ነበር። ጸሎት የለም፤ በየአዳራሹ በረንዳ ጠረጴዛ፣ በየጠረጴዛው መስታወት፣ በመስታወቱ ሥር ሳንቲም። ፓንጂያዩዋን ላይ ሰው ይጮሃል፣ እዚህ ያንሾካሹካል። ሁሉም መጽሐፍ ይዟል። ብዙዎቹ ዲንግ ፉባኦ በ1938 ያወጣውን ግዙፍ የሳንቲም መዝገብ እንደ መጽሐፍ ቅዱስ ይጠቅሱ ነበር፤ ገጹን በቃሉ የሚጠራም አጋጥሞኛል። ቀትር ላይ ወደ ቅርቡ የሙስሊሞች ሰፈር፣ ኒዩጂዬ፣ ወጣ ብለን የበግ ሥጋ እንበላ ነበር። ለአንድ ሐበሻ ቤይጂንግ ውስጥ ከዚያ የተሻለ ጠረን ያለው መንገድ የለም።

ስለ ሺየንፌንግ የሰማሁት እዚያ ነው። በሱ ዘመን፣ 1850 እስከ 1861፣ የታይፒንግ አመፅ ደቡቡን አቃጠለው፤ ከዩናን የሚመጣው መዳብ መንገዱ ተዘጋ። መንግሥት ብረት ሲያጣ ቁጥር ጨመረ። በ1853 ባለ አሥር፣ ባለ ሃምሳ፣ ባለ መቶ፣ እስከ ባለ አንድ ሺህ ሳንቲም አወጣ። ባለ አንድ ሺዋን በእጄ መዝኛታለሁ፤ የመጀመሪያዎቹ ሰባ አምስት ግራም ገደማ ናቸው፣ የሃያ ተራ ሳንቲም ክብደት እንኳ በቅጡ አይሞላም። ሃያ ሳንቲም አቅልጦ ሺህ ሳንቲም ማግኘት ሲቻል ማን ዝም ይላል? ሐሰተኛ አፍሳሹ በየጓሮው ፈላ፤ ነጋዴውም አልቀበልም አለ። ትልልቆቹ ብዙም ሳይቆዩ ቀሩ። ሰብሳቢ ግን እንደ ሺየንፌንግ የሚወደው ንጉሥ የለም፤ ከማቅለጫ ማቅለጫ፣ ከወር ወር የሚለያይ መጠን፣ የብረትም የእርሳስም ሳንቲም፣ የማያልቅ ዝርያ። የዋጋ ንረት የጎበኘው አገር ለሰብሳቢ ሠርግ ነው፤ ይህን ሳስብ ትንሽ ያሳፍረኛል፣ ግን እውነት ነው።

የሁሉም ምኞት የነበረችው ቺሺያንግ ነበረች። ሺየንፌንግ የእንግሊዝና የፈረንሳይ ጦር ቤይጂንግ ሲደርስ ወደ ሰሜን ሸሽቶ፣ እዚያው ነሐሴ 1861 ሞተ። ወራሹ የአምስት ዓመት ልጅ ነበር፤ ስምንት ሞግዚቶች ተሾሙለት፣ ዋናው ሱሹን የሚባል ኃይለኛ ሰው። ለሕፃኑ ዘመን ቺሺያንግ የሚል ስም ወጣለት፤ ማቅለጫዎቹም የሚመጣው ዓመት ሳይደርስ እናት ሳንቲሞቹን ቀርጸው፣ ጥቂት አፍስሰው ተዘጋጁ። በኅዳር መጀመሪያ የልጁ እናት ጺሺ ከሌላዋ እቴጌና ከልዑል ጎንግ ጋር ሆና ሞግዚቶቹን ገለበጠች። ስሙ ተሰረዘ፤ ዘመኑ ቶንግጂ ተባለ። የቺሺያንግ ሳንቲም ለሕዝብ ሳይደርስ ወደ እቶን ተመለሰ። ያመለጡት ብቻ ናቸው ዛሬ ያሉት።

ሱሹን አንገቱ የተቀላው ጻይሺኮው በሚባል የአትክልት ገበያ መገናኛ ነው፤ ከባኦጉዎ ሲ በዚያው መንገድ ወደ ምሥራቅ በእግር የሚደረስ። አንድ ከሰዓት በኋላ ዳዬን ተከትዬ ሄድኩ። ሰፊ አስፋልት፣ ድልድይ፣ የአውቶቡስ ፌርማታ፣ ስልክ የሚሸጥ ሱቅ። ዳዬ መሐል ላይ ቆም አሉና በአገጫቸው ወደ መንገዱ ጠቆሙኝ፤ «ያቺ ሳንቲም ውድ የሆነችው እዚህ ነው» አሉ። ይህን ሲሉ አንድ ብስክሌተኛ ደወሉን እየደወለ ሊገጫቸው ነበር፣ ሰድበውት አለፍን።

እኔ ያየኋት የቺሺያንግ ሳንቲም አንድ ናት፤ እሷም እውነተኛ ትሁን አትሁን እስከ ዛሬ ያልተፈታ ጉዳይ ነው። ወደሱ ከመሄዴ በፊት ግን አንድ ነገር። አገሬ ከተመለስኩ በኋላ በ2010 የቻይናና የኬንያ አርኪዮሎጂስቶች ማሊንዲ አጠገብ፣ ማምብሩይ በምትባል መንደር የዮንግሌ ቶንግባኦ ሳንቲም አገኙ የሚል ዜና ሰማሁ፤ በ2013 ደግሞ ማንዳ ደሴት ላይ ሌላ ተገኘ። ዮንግሌ በ15ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የነበረ፣ አድሚራል ጄንግ ሄን በመርከብ የላከ ንጉሥ ነው። ሳንቲሟ ናስ ከመምጣቱ በፊት የፈሰሰች ነሐስ ነች፣ ለኔ የናስ ስብስብ አትሆንም፤ ደስታዬ ግን ልክ አልነበረውም። ለዳዬ መንገር አማረኝ። ስልክ የሚባል ነገር ግን ተለዋውጠን አናውቅም፤ ቅዳሜ ሲመጣ መገናኘታችን አይቀርማ።

ቺሺያንግ ወደ ባኦጉዎ ሲ የመጣችበት ቀን ብርድ ነበር። አንድ በዕድሜ ጎልማሳ ሰው፣ ከክፍለ ሀገር የመጣ መሆኑ ከአነጋገሩ የሚታወቅ፣ የክብሪት ቀፎ ከደረቱ ኪስ አወጣና ዳዬ ጠረጴዛ ላይ ከፈተው። በጥጥ ላይ የተኛች ባለ አሥር ሳንቲም፤ ላይ «ቺ»፣ ታች «ሺያንግ»። ዳዬ ምንም ሳይናገሩ መነጽራቸውን ቀየሩ። ከጎናቸው ያለው ጠረጴዛ ባለቤት፣ አንድ ቀጭን ሽማግሌ፣ ሻዩን አስቀምጦ መጣ። ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ። ደቂቃ ሳይሞላ ሰው ከበበን።

ዳዬ ጠርዟን አዩ። የሞረዱ ጭረት ቀጥ ብሎ ሄዷል፣ ጥሩ ነው፤ የቀዳዳዋ ውስጥ ለስላሳ ነው፣ ጥሩ ነው፤ ቀለሟ የዚያ ዘመን ናስ ነው። «እውነተኛ ናት» አሉ። ቀጭኑ ሽማግሌ ተቀበላቸውና በሚዛን አኖራት፤ አፍንጫው ሥር አስጠግቶ አሸተታት፤ በጥፍሩ የፊደሉን ሥር ነካካ። «ወንድሜ፣ ዓይንህ ደክሟል» አላቸው። «ይህ ‘ሺያንግ’ ከማቅለጫው የወጣ ሳይሆን በኋላ የተቀረጸ ነው። ታች በኩል የቢላ መንገድ አለው።»

«የቢላ መንገድ የሚኖረውማ ለሕዝብ ያልወጣች ስለሆነች ነው! ለናሙና የተሠራች ናት!»

«ለናሙና የተሠራች ከሆነች ለምን ጠርዟ ተሞረደ?»

«ያለ ሞረድ ናሙና የት አየህ?»

አንዱ መጽሐፍ አመጣ፤ ገጹ ተከፈተ፤ በመጽሐፉ ያለው ሥዕል ለሁለቱም መሰላቸው። ሌላው በስልኩ ፎቶ አነሳ፣ ያኔ የስልክ ፎቶ ከጭጋግ አይሻልም። በክርክሩ መሐል ዋጋ መጠራት ተጀመረ፤ አንዱ ከኋላ ሆኖ፣ ሐሰተኛ ብትሆንም ይህን ያህል እከፍላለሁ አለ፤ ከሱ ቀጥሎ ያለው ጨመረበት። ዳዬ ራሳቸው እጃቸውን ወደ ደረት ኪሳቸው ሲሰዱ አየሁ፤ እንደዚያ ሲያደርጉ አይቻቸው አላውቅም። ሰውዬውን ዞረው ቁርጡን ተናገር አሉት።

ጎልማሳው የክብሪት ቀፎውን ዘጋ። የአያቱ መሆኗን፣ እህቱ ለማግባት ስትዘጋጅ ከሣጥን ሥር እንደተገኘች፣ ቤተሰቡ ምን እንደሆነች እንዲያጣራ ልኮት እንደመጣ በትሕትና አስረዳ። አሁን ብዙ ነገር ስለተረዳ ሁላችንንም አመሰገነ። ልትሸጥ ግን አልመጣችም፤ ለሙሽራዋ ነች። ኮፍያውን አጠለቀና በበሩ ወጣ።

ቀጭኑ ሽማግሌ ሻዩ ቀዝቅዞ ቆየው። ዳዬ ከዚያ በኋላ ያ ሰው በወሬ በተነሳ ቁጥር «ያ ቀን አቃጣይ» ይሉት ነበር፤ ይህንም የሚሉት ቀጭኑ ሽማግሌ እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ነው፣ ሙሽራዋ ዘንድ ያለችው ሳንቲም እውነተኛ መሆኗን ለማስታወስ።